ከበር የመለስነው ልጅ የት ይደርሳል?

ይህን የምጽፈው በእንጅባራና በዳንግላ፣ በቻግኒና በአዲስ ቅዳም ላላችሁ የዕድሜ እኩዮቼ ነው፤ ጠመኔ ይዘን አርጅተን ጡረታ ለወጣን መምህራን፣ በዕድርና በሰንበቴ ቃላችሁ ለሚደመጥ አባቶችና እናቶች፣ በምረቃ ቀን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ለሚለቀቅላችሁ ሽማግሌዎች። ክፉ መናገር የሚያስደስተው ሽማግሌ የለም፤ ቢቻለኝማ የዘመኑን ነገር ለዘመኑ ሰዎች ትቼ ባርፍ በወደድኩ። ነገር ግን ያየነው መከራ ልብሱን ቀይሮ ሲመለስ እያየን ዝም ካልን፣ ነገ ልጆቻችን ለምን አልነገራችሁንም ሲሉን የምንመልሰው አይኖረንም።

ነገሩ የተማሪ ነገር ነው። ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ ያደገው፣ በጎረቤት አገር ጦርነት ተሰዶ የመጣው፣ ከመካከላችን ተወልዶ በቋንቋውና በመልኩ ምክንያት ዳር የተደረገው ወጣት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ደጅ ቆሟል። እኛም ጉዳዩ የሚኒስቴሩ ነው፣ የእርዳታ ድርጅቶች ነው እያልን ፊታችንን መልሰናል። እኔ የማውቀው ግን ይህ ልጅ ከበር ስለተመለሰ እንደማይጠፋ ነው፤ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ የሚሄድበትንም ቦታ የምንመርጥለት እኛ አንሆንም።

በ2013 ዓ.ም. የሆነውን አንርሳ። በታኅሣሥ ወር በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሲያሳውቅ፣ ከመተከል የሸሸው ሕዝብ ወደ ጓንጓ ይጎርፍ ነበር። ለፎገራ ከብት ማራቢያ ተከልሎ የኖረው የቻግኒው ራንች ሰው ሰፈረበት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ አራስም አረጋዊም፣ በሸራ ሥር ከረመ። የአዊ ሰው ያን ጊዜ አላሳፈረም፤ ያለውን አካፍሏል፣ ቤቱንም ከፍቷል። ነገር ግን እንግዳ ተቀባይነታችን እህልና ልብስ ከመስጠት አላለፈም፤ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ያን እህል ይቀበል የነበረው ልጅ ነገ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል የነበረው ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ነው። ዕድሜው ደርሷል፤ ትምህርቱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

በቅርቡ ለአንድ ዘመድ ልጅ ጉዳይ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ነገሩ የአንድ ተቋም ብቻ አይደለምና። ከፊቴ የቆመው ወጣት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠ፤ የተፈናቃይ መታወቂያ ነበር፣ ፎቶው ደብዝዟል። ትራንስክሪፕት አምጣ ሲባል ተቃጥሏል አለ፤ ከትምህርት ቤትህ አስመስክረህ ማኅተም አስመታበት ሲባል ትምህርት ቤቱም ተቃጥሏል አለ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ደንቡ የሚለውን ነው የነገረችው፦ «እንግዲያው ወረዳህ ሄደህ አጽፈህ ና።» ወረዳው ነፍሱን ይዞ የሸሸበት ወረዳ ነው። ልጁ አልተከራከረም፤ ወረቀቱን በላስቲኩ መልሶ ጠቀለለና ሰልፉን ለቆ ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ ወዴት ትሄዳለህ ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ሥራ ካለ ወደ ጃዊ ነው፤ ከሌለ ጓደኞቼ መተማ አሉ» አለኝ። ከዚህ በላይ የተናገረው የለም፤ መተማ ምን እንደሚሠራም አልጠየቅሁትም፣ አውቀዋለሁና።

እንዲህ ያለው ልጅ ወረቀቱ ቢሟላለት እንኳ ፊቱ ያለው ፈተና ቀላል አይደለም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የማለፊያውን ነጥብ ያገኘው ተማሪ በ2014 ፈተና 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ቢልም ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ወድቋል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ በክፍሉ ተቀምጦ፣ መጽሐፍም መምህርም ሳይጎድልበት የተማረው እንዲህ ከወደቀ፣ ሁለት ዓመት በሸራ ሥር ያሳለፈውን በዚያው መስፈሪያ ሰፍረን አነስክ ማለት ፍርድ አይደለም። መኮረጅ ይቅር፣ ሚዛን ይጥበቅ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት እርሱን ነው። ነገር ግን ሚዛን የሚያጠብቅ መንግሥትም ማኅበረሰብም፣ ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ የተሰበረውን ልጅ የሚያይበት ሌላ ዓይን ሊኖረው ይገባል።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የመጤ ልጅ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ግጭት ከነገሠ ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ እንደራቁ ታውቃላችሁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ሲታገቱ፣ የእኛም ልጆች ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱት በዚያው መንገድ መሆኑን አስበን እንቅልፍ ያጣን ጥቂት አልነበርንም። ዛሬ በመስኮቱ ፊት ወረቀት የጠፋበት የመተከል ልጅ ነው፤ ነገ የባንጃና የአንከሻ ልጅ በሌላ ክልል መስኮት ፊት እንዲሁ ይቆማል። ለእንግዳው ልጅ ያላበጀነውን ሥርዓት የራሳችን ልጅ ሲቸገር ተዘጋጅቶ አናገኘውም።

እኛ ደግሞ ስደት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ጠላት አገሪቱን በያዘበት ዘመን አባቶቻችን በሱዳን፣ በኬንያ፣ በኢየሩሳሌም ተሰደው ኖረዋል፤ በኬንያ ኢሲዮሎና ታቬታ በተባሉ ሰፈሮች የተቀመጡት ኢትዮጵያውያን የሰው እህል በልተው አገራቸውን የጠበቁ ናቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው፣ በበላያ አድርገው ወደዚሁ ወደ እኛ አገር ሲወጡ፣ አብረዋቸው ከመጡት መካከል ብዙው ስደተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። በደርግም ዘመን የእኛው እኩዮች ከነጭና ከቀይ ሽብር ተርፈው በመተማ በኩል በእግራቸው ገዳሪፍና ካርቱም ገቡ፤ ከእነርሱ ስንቱ ተማሪ ነበር፣ ስንቱስ በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነ! ያን ጊዜ አንድ የሰው አገር ሬጅስትራር ትራንስክሪፕትህን አዲስ አበባ ሄደህ አምጣ ቢለው ኖሮ የት ይደርስ ነበር?

በሌላ በኩል ይህች አገር በር ስትከፍት ምን እንደምታተርፍም አይተናል። በ1950 ዓ.ም. በአክራ የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጠች፤ ገና ከቅኝ ግዛት ካልወጡ አገሮች ጭምር ልጆች አዲስ አበባ መጥተው ተማሩ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ነበር። ያን ጊዜ አገሪቱ የነበራት ዩኒቨርሲቲ በጣት የሚቆጠር እንኳ አልነበረም፤ አንድ ነበር። ዛሬ በብዙ ዞኖች ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ፣ እንጅባራም በ2010 ዓ.ም. የራሷን ተማሪዎች መቀበል ጀምራ፣ ቦታ የለንም ማለት ይከብደናል።

ሕግም የለንም ማለት አንችልም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በኒውዮርክ የመሪዎች ጉባኤ ላይ የስደተኞችን ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ለማስፋት ቃል ገብታለች፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ስደተኛውም ጥገኝነት ጠያቂውም የአገሪቱ አቅምና የትምህርት ፖሊሲ በፈቀደ መጠን ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው፣ ዳፊ በሚባለው የነጻ ትምህርት ዕድል በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተመረቁ ስደተኞች አሉ። ይሁንና በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው ስደተኛ ወጣት ከመቶ ከ10 በታች እንደሆነና እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ወደ 15 ከመቶ ለማድረስ እንደታቀደ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ይናገራል። ሕጉ አዲስ አበባ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው በየግቢው በር መድረሱ ነው፤ ሕግ ደግሞ ሰው ካልተሸከመው በራሱ እግር ወደ በር አይመጣም።

በራችን ላይ የደረሰውን ደግሞ እናውቃለን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው የመጡት በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተቀመጡ። ከጠመንጃ ሸሽቶ የመጣው እዚያም ጠመንጃ ጠበቀው፤ ዘራፊና ታጣቂ ሰላም ነስቷቸው በ2016 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ የሚበልጡት መጠለያውን ለቀው በመንገድ ዳር ጫካ ሰፈሩ። የጎረቤታችን ልጅ ትናንት የእኛን ስደተኛ በካርቱም ያስተናገደ ሕዝብ ልጅ ነው። ነገ ሱዳን ስትረጋጋና ይህ ወጣት ባለ ሥልጣን ወይም ነጋዴ ሲሆን፣ ስለ እኛ የሚያስታውሰው አንድም መምህር ከሌለ፣ የሚያስታውሰው ጫካውን ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ከመካከላችን ሆኖ እንግዳ የተደረገው ነው። ቻግኒ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ሆና የኖረች ከተማ ናት፤ አገውና ጉሙዝ፣ ሽናሻና አማራ፣ ኦሮሞም ጭምር በአንድ ገበያ ሲገበያዩ ኖረዋል። በ2013ቱ ጥፋት የጉሙዝ ቤተሰቦችም ወደ ጫካና ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን ሸሽተዋል፤ ሬሳ ሲቆጠር የእኛን ብቻ ቆጥረን ተቀምጠን ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ዛሬ ከቆላ የመጣ የጉሙዝ ተማሪ በእንጅባራ ብርድ በአንድ ስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ጋቢውን የሚደርብለት ይገኛል፤ በካፌ ሰልፍ ላይ ግን ያ የድሮ የንቀት ስም ከኋላው ሲወረወር ተው የሚል አይገኝም። ብርዱን የሚለምደው በአንድ ክረምት ነው፤ ስሙን ግን ተሸክሞት ይመረቃል፣ ወይም ሳይመረቅ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ያየነው የእንዲህ ያለውን ንቀት ፍሬ ነበር፤ በጥቅምት በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፣ በኅዳር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ተማሪዎች ታገቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ሻንጣቸውን ይዘው ከየግቢው ሸሹ። ያ ሁሉ የተጀመረው በዱላ አልነበረም፤ በስም ነበር፣ ማን ከማን ጋር ማዕድ ይቀርባል በሚል ነበር።

የፋግታ ለኮማ ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ አክስሎ ሲኖር የቆየ ነውና ይህን ያውቀዋል፦ ክምሩ በአፈር ተደፍኖ ሲጤስ ከሩቅ ለሚያየው ምንም አይደለም፤ ቀዳዳ አገኘ ማለት ግን በአንድ ሌሊት የወራት ድካም አመድ ይሆናል። በየመጠለያው፣ በየኪራይ ቤቱና በየዶርሙ የተደፈነው ቅያሜም እንዲሁ ነው። ይህን ቅያሜ የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ አሉ። ሬጅስትራሩ የጠየቀውን ወረቀት እነርሱ አይጠይቁም፤ የፈተና ውጤት አይጠይቁም፤ ዕድሜ እንኳ አይጠይቁም። ጠመንጃ የሚያስይዘው፣ በመተማ በኩል ወደ ሊቢያ የሚያሻግረው ደላላ፣ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ ያለ ደመወዝ የሚያሠራው ሁሉ በሩን ሌሊትም ቀንም ክፍት ያደርጋል። ዩኒቨርሲቲ የመለሰውን እነዚህ ይቀበላሉ፤ ተቀብለውም ያስተምሩታል፤ የተማረውንም ይዞ ወደ እኛው ይመለሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚደረገው ከባድ አይደለም፤ እንዲያውም ሳናደርገው የቀረነው ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ወረቀት የተቃጠለበት ተማሪ በመጠለያው ኮሚቴ፣ በቀድሞ መምህራኑና በክልሎቹ ትምህርት ቢሮዎች ምስክርነት እየተጣራ የሚመዘገብበት፣ የቀረውንም በምዘና ፈተና የሚያሟላበት አንድ ጠረጴዛ በየሬጅስትራሩ ይቀመጥ። የማካካሻው ትምህርት፣ ልጆቹ ሪሚዲያል የሚሉት፣ ለተፈናቀለና ለስደተኛ ልጅ የተጠበቀ ቦታ ይኑረው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የመጣ፣ የካርቱምም ይሁን የሌላ፣ የወሰደው ኮርስ ተገምግሞ ይያዝለት፤ ከዜሮ ጀምር ማለት ዕድሜውን መቀማት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ለአካል ጉዳተኞችና ለተፈናቀሉ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል፤ በክልላችን አንዱ የቻለውን ሌላውም ሄዶ መጠየቅና መማር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ልብ የማይለው አለ። ክረምት ሲገባ ተማሪው ፍራሹን መልሶ ክሊራንስ ያስፈርማል፣ ካፌው ይዘጋል፣ ዶርሙ ይቆለፋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤት የሌለው የት ይሄዳል? የሐምሌ ዝናብ በእንጅባራ እንዴት እንደሚወርድ ለእናንተ አልነግርም። ሻንጣውን ይዞ በበር ላይ የቆመው ልጅ ወይ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይጠጋል፣ ወይ ለአረም ወደ ጃዊ ይወርዳል፣ ወባ ይዞትም በመስከረም ሳይመለስ ይቀራል። ሴት ልጅ ከሆነች የሚደርስባትን ለመናገር አፌ አይደፍርም። ለጥቂት ተማሪዎች አንድ ብሎክ ክፍት አድርጎ መክረም ዩኒቨርሲቲን አያደኸይም፤ ዩኒቨርሲቲው ካቃተው ደግሞ በእንጅባራና በዳንግላ ልጆቹ ከተማ የገቡለት፣ ክፍሉ ባዶ የሆነ ቤት የማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ገንዘብ የለም ለምትሉኝም፣ በካናዳ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየክፍያቸው ጥቂት እያዋጡ ስደተኛ ተማሪ ከመጠለያ አውጥተው ያስተምራሉ፤ ሀብታም ሆነው ብቻ አይደለም፣ ትንሹን ለብዙ ሰው ስላካፈሉት ነው። ማዋጣት ለእኛ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ትምህርት አይደለም፤ ዕድርና እቁብ ያለው ሕዝብ ነን፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለን፤ ጥር 23 ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠር ፈረሰኛ የምንሰበስብ ሰዎች የአንድ ተማሪ ደብተርና ሳሙና አቃተን ብንል የሚያምነን የለም። ደግሞም ጊዜው እየጠበበ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ወጪያቸውን ራሳቸው እንዲሸፍኑ መንገዱ ተጀምሯል። ክፍያ መምጣቱ ካልቀረ፣ ደሃውና ስደተኛው በመጀመሪያ የሚወድቅበት ቀን ሳይመጣ የእርሱ ድርሻ በደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ ደንብ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ማስለወጥ እንዴት እንደሚያደክም እኛ ነን የምናውቀው።

እኩዮቼ ሆይ፣ ሥልጣን የለንም አንበል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሲሾም እኛን ይጠራል፤ ተማሪ ሲጋጭ እንድንሸመግል በእኩለ ሌሊት መኪና ይላክልናል። ጠብ ከተነሣ በኋላ ለማስታረቅ የተጠራ ሽማግሌ ጠብ ሳይነሣ ለመጠየቅም መብት አለው። እንግዲህ የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይዘጋ ከየከተማው ሦስት አራት ሆነን ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ እንግባ፤ በዚህ ዓመት ስንት የተፈናቀለ፣ ስንት ስደተኛ፣ ስንት የጉሙዝ ልጅ አመለከተ፣ ስንቱ ገባ፣ ስንቱስ በምን ምክንያት ተመለሰ ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ይዘን እንመለስ። እየተቆጠረ መሆኑን የሚያውቅ ቢሮ በሩን በቀላሉ አይዘጋም። እኛም ገና ይህን ለማድረግ ጉልበት አለን፤ ልጁም ገና በበሩ ላይ ነው፤ ወደ መተማው መኪና ገና አልተሳፈረም።